መሪነትን ለማስጠበቅ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ዳባት ውስጥ የትምህርት ቤት ቡድን አሠለጥናለሁ። 1 ለ0 ስንመራ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ሁሉንም ወደ ኋላ እመልሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ግብ ይቆጠርብናል። ችግሩ ከስልቱ ነው ወይስ ከልጆቹ?

መልስ፦ ክቡር አሠልጣኝ፣ ከልጆቹ አይመስለኝም። ሁሉም ሳጥን ውስጥ ሲገቡ የተጠለዘውን ኳስ ከፊት የሚቀበል አይኖርም፤ ተጋጣሚ ያለ ጫና ደጋግሞ ያሻማል። በአሜሪካ ፉትቦልም ረጅም ኳስ ለመከልከል ተከላካዮችን ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ቀድመው ከጀመሩት ግን በአጫጭር ቅብብል ሜዳውን ያስነጥቃቸዋል።

ጥንቃቄ ግን ቦታ አለው። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ3 የተሸነፈው ብሔራዊ ቡድናችን በ2005 ዓ.ም. በመልሱ ጨዋታ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች አዲስ አበባ ላይ 2 ለ0 ሲመራ፣ አንድ ግብ ቢቆጠርበት ከአፍሪካ ዋንጫ ይቀር ነበር።

እርስዎ የተከላካይ መስመሩን ከሳጥኑ ውጭ ያቁሙ፣ አንድ ፈጣን አጥቂ መሐል ሜዳ ላይ ይተዉ፣ ኳስ የያዘውን ቅርብ ያለው ልጅ ይጫነው። ከቆላ የመጣ ቡድን በአቅራቢያዎ ባለችው ደባርቅ ላይ ሲገጥማችሁ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ማፈግፈግ ለእርሱ ዕረፍት መስጠት ነው።

በግርግሩ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካለ ግን፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወዲያው አስወጥተው ለጤና ባለሙያ ያሳዩት።