ከታክሲ ሰልፍ እስከ ፎቶ ቤት

ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ባዶ እሑድ እየጠበቅኩ ነበር። እሑድ ደግሞ ለቅሶ መድረስ አለ፣ ዕድር አለ፣ የሳምንት ልብስ አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆምበት ሃያ ደቂቃ ዓይኔ ውስጥ የገባ ዕለት ነው፤ ያውም በስልኬ። ሥራ ለሚበዛበት ሰው የምነግረው እኔው የሄድኩበትን መንገድ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓትና በአዲስ አበባ ብርሃን።

1. በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ቦታ ያዙ

አዲስ ቦታ ፍለጋ አትውጡ። ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድ ለአንድ ወር ይበቃል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ብርሃኑ በስንት ሰዓት የትኛውን ግድግዳ እንደሚመታ፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ወዴት ዞራ እንደምትቀመጥ ትለምዱታላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የስልኩን ሌንስ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ቅባት ይይዝና ፎቶውን ጭጋግ ያስመስለዋል።

2. ከሥራ ሰዓታችሁ ጋር የሚገጥመውን ብርሃን ተጠቀሙ

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ የምትወጣበትም የምትገባበትም ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ሁለቱም ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ያ ዝቅ ያለ፣ ወርቃማ፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የሚገኘው ሠራተኛው ከቤት በሚወጣበትና በሚመለስበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ግን ቶሎ ያልፋል፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። በቀትር፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን ሥር ይጠቁራል። የዚያን ጊዜ በረንዳ ሥር ግቡ። ክረምት ሲሆን ደመናው እንደተዘረጋ አቡጀዲ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ፊት ለማንሳት ሰዓት መምረጥ አያስፈልግም።

3. ነጠላ ከለበሰ ሰው ፊት ጀምሩ

ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ነው፣ እኔም ብዙ ፎቶ አበላሽቼበታለሁ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፊቱ ሲቆሙ፣ ብርሃኑ የበዛበት መስሎት ሥዕሉን ያጠቁረዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ጠይም ፊታቸው ደግሞ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልክ ከሆነ ፊታቸው ላይ ጣታችሁን አሳርፉና እስኪቆልፍ ያዙት፤ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ በማንሸራተት ጥቂት አብሩት። በካሜራ ከሆነ የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጋችሁ ወደ ፕላስ እስከ አንድ እርከን ድረስ ከፍ አድርጉ።

ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ግን ፊቱ ሲወጣ ነጠላው ይቃጠላል፤ ሽመናውም ጥለቱም ነጭ ወረቀት ይሆናል። እሱን በማስተካከያ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ጥላ ውስጥ፣ ወደ ደጅ እንዳዩ አስቀምጧቸው። ጥላ ውስጥ ፊትና ነጠላ ይቀራረባሉ፣ ሁለቱም ይተርፋሉ።

ሰው ስታነሡ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እንቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ቤተ መንግሥትና የጦር ሠፈር አካባቢ ደግሞ ካሜራ አይወጣም።

4. ቤት ስትገቡ ቡናውን አንሱ

የቤት ውስጥ ልምምድ ከቡና የተሻለ አላውቅም። የጣራውን አምፖል አጥፉ፣ ረከቦቱን መስኮት ወይም በር አጠገብ አድርጉ። የዕጣኑ ጭስ ፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣና ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። ፊት ለፊት ብልጭታ ከተኮሳችሁበት ይጠፋል። ልጆች እየሮጡ ከሆነ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/250 አታውርዱ፤ ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን ጨምሩ። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ቢል ይሻላል፣ የደበዘዘ ፊት ግን ለምንም አይሆንም።

5. አርብ ማታ ታክሲ ውስጥ ምረጡ

የሳምንቱን ፎቶ አንድ በአንድ እያያችሁ ሦስቱን አስቀሩ፣ ሌላውን አጥፉ። ተመሳሳይ ሁለት ሲሆኑ አንዱ የግድ ይሄዳል። ይህ ያማል፣ ዓይን የሚሠለጥነው ግን በዚህ ነው።

6. በየወሩ አንድ አሳትሙ

10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነ ፎቶ 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል፤ ማንኛውም የዛሬ ስልክ ያንን ያልፋል። ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ አትላኩት፣ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ በፋይል መልክ ላኩት። ሁለት ቅጂ አስወጡ፤ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለተነሣው ሰው።

እኔ የመጀመሪያውን የሰጠሁት ታክሲ መያዣው አጠገብ ሻይና ቦንቦሊኖ ለሚሸጡት እናት ነበር። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን ዞረው አዩት። «እሰይ ልጄ፣ ጥለቴ ሳይቀር ወጥቷል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጂዳ ላለችው ልጄ የሚላክ ሌላ አንድ ታወጪልኛለሽ?»