«ደህና ነኝ» አይበቃም፦ ከኪንደር ስካውት የእግር ጉዞ የተማርነው

የማኅበራችን የእግር ጉዞ ቡድን ከፈተና በኋላ እንደገና ሊወጣ ስለሆነ ለአዲስ መጪዎች መሠረታዊውን ነገር እንድጽፍ ተጠይቄአለሁ። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ስለ ተራራው ብቻ ሳይሆን ተራራው በሰውነታችን ላይ ስለሚያደርገውም እጽፋለሁ። ምሳሌዬ ባለፈው ኦክቶበር ዘጠኝ ሆነን የወጣንበት የኪንደር ስካውት ጉዞ ነው።

ለእናቴ ስነግራት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኛ አገር ሰው ተራራ የሚወጣው ቤቱ ማዶ ስለሆነ ነው፤ አንቺ ደግሞ የባቡር ከፍለሽ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። ማታ ስመለስ ግን አልሳቅኩም።

ቦታው

ኪንደር ስካውት በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ከፍታ ሲሆን 636 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቁጥሩ ያስቃል። ነገር ግን አናቱ ዛፍ የሌለው፣ ጥቁርና ረግረጋማ አፈር የሸፈነው ሜዳ ነው፤ ከምዕራብ የሚመጣውን ነፋስና ዝናብ የሚከልል ነገር የለውም። መነሻችን በማንቸስተርና በሸፊልድ መካከል የሚሄደው ባቡር የሚቆምባት ኢዴል መንደር ናት። ከ1965 ጀምሮ እስከ ስኮትላንድ የሚዘልቀው፣ 431 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፔናይን ዌይ መንገድም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ያንን አናት ዛሬ በነፃ የምንረግጠው ሰዎች ስለታሰሩበት ነው። በኤፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ለአደን ብቻ ወደተከለለው ኪንደር ያለ ፈቃድ ወጡ፤ አምስቱ እስር ቤት ገቡ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ከሮማኒያ የመጡ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ ዕድሜው 20 ዓመት። የእኔ ዕድሜ ማለት ነው። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ እንዲህ ባሉ ገላጣ ቦታዎች በእግር የመሄድን መብት አሰፋ።

ሰዓትና ካርታ

በስልክ ብቻ አትውጡ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። 1:25,000 በሆነው ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ሜዳ ነው።

ሰዓት ለመገመት በ1892 ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ያወጣው ስሌት ይበቃል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ። የእኛ መንገድ 13 ኪሎ ሜትርና 450 ሜትር ዳገት ነበር። 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ሲደመር 45 ደቂቃ፣ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ምሳን፣ ፎቶን፣ ጭቃንና ለጫማ ማሰሪያ መቆምን አይቆጥርም። ለዘጠኝ ጀማሪ 5 ሰዓት ተኩል ያዙ። በኦክቶበር መጨረሻ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ በጠዋት መነሳት ግዴታ ነው።

የሆነው

ጄኮብስ ላደር የሚባለውን የድንጋይ ደረጃ ስንወጣ ሁላችንም አላበን። አናቱ ላይ ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ተቀበሉን። ከፍታ ሲጨምር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከ0.6 እስከ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ነፋስና እርጥበት ደግሞ የቀረውን ይወስዳሉ። አንድ ጓደኛችን ጂንስና ወፍራም የጥጥ ሹራብ ለብሶ ነበር። ጥጥ ደረቅ ሲሆን እንደ ጋቢ ያሞቃል፤ ሲረጥብ ግን ውኃውን ይዞ ሙቀታችንን ይመጥጣል።

ይህ ልጅ መንገዱን ሙሉ ሲያስቀን የመጣ ነው። ዝም አለ። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ያኮረፈ መሰለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቴ ተደናቀፈ፤ የጃኬቱን ዚፕ ሊዘጋ ሲሞክር ጣቶቹ አልታዘዙለትም። ያኔ ነው ክፍል ውስጥ የተማርኩት የመጣልኝ። ሃይፖሰርሚያ፣ ማለትም የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ፣ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ ዝምታ፣ መደናቀፍ፣ የተጎተተ ንግግር። ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። ጓደኛዬ ላይ ሳየው ግን ኩርፊያ አልኩት።

ስሕተቴ ጥያቄው ላይ ነው። እኛ «ደህና ነህ?» ስንባል ትኩሳት ላይ ብንሆንም «ደህና» እንላለን፤ ያደግንበት ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ሥራ የሚጠይቅ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጃኬትህን ቆልፍልኝ»፣ «ከ100 ጀምረህ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር»። መልሱን ከአፉ ሳይሆን ከእጁና ከአረማመዱ አንብቡ።

ምን ይደረጋል?

ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ ከነፋስ ተጠለልን። እርጥቡን ሹራብ አውልቀን ትርፍ ደረቅ ልብስ፣ ኮፍያና ጓንት አለበስነው። መሬቱ ሙቀት ስለሚስብ ቦርሳ ላይ አስቀመጥነው፤ ግራና ቀኝ ተጠግተን ተቀመጥን። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ይችል ስለነበር ከፔርሙስ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዚያም ጭኮ ሰጠነው። ገብስና ቅቤ ከማንኛውም ቸኮሌት አያንስም!

እጅና እግሩን አላሸንም፤ ማሸት አይመከርም። አልኮልም አይሰጥም፤ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ ሙቀትን ያስወጣል። በኃይል መንቀጥቀጡ መልካም ምልክት ነበር፤ ሰውነቱ እየታገለ ነው ማለት ነው። የቀዘቀዘ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ከተወዛገበ ወይም ካንቀላፋ አደጋው ከባድ ስለሆነ አታስነሱት፣ አታራምዱት። 999 ደውላችሁ ፖሊስን፣ ቀጥሎም የተራራ አድን ቡድንን ጠይቁ፤ አባላቱ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ካልሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ።

ንግግሩ ሲስተካከልና ቀልዱ ሲመለስ ተነሣን። አንዳንዶቻችን ዙሩን እንጨርስ አልን። ነገር ግን የፊቱን መንገድ አናውቀውም፣ የኋላውን እናውቀዋለን። በመጣንበት ተመለስን። ማንም የተሸነፈ አልመሰለውም፤ ተራራው ዛሬም እዚያው አለ።

ለሚቀጥለው ጉዞ

እያንዳንዱ ሰው ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ከጥጥ ያልተሠራ የውስጥ ልብስ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትርፍ ሹራብ፣ ባትሪና ፊሽካ ይያዝ። ከመነሳታችን በፊት መንገዳችንንና የመመለሻ ሰዓታችንን ለማይሄድ ሰው እንነግራለን። ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመራለን፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን እጅ በየሰዓቱ ይፈትሻል። ፍጥነታችን የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው።

ጭኮውን እናቴ ልትሠራ ቃል ገብታለች። እሷም ብትሆን አሁን ስትደውልልኝ «ደህና ነሽ?» ብላ አታልፍም፤ «ምን በላሽ? እግርሽ ደርቋል?» ትለኛለች።