ፈረሱና ጋላቢው ለምን አልገጠሙም? የሸክላ ሞዴል አጠጋገንና አቋም አለዋወጥ

የዛሬው የትምህርት ገጻችን ስለ እጅ ሥራ ነው።

በትምህርት መርጃ ማዕከላችን መደርደሪያ ላይ አንድ የሸክላ ፈረስ ከነጋላቢው አለ። ጋላቢው ግን ፈረሱ ላይ አይቀመጥም ነበር፤ ሁልጊዜ ጎኑ ወድቆ ነው የሚገኘው። የፈረሱ ግራ የፊት እግርም ከጉልበት በታች ተሰብሯል። መደርደሪያው ሲጸዳ "ይህ ይጣል" ተባለ። እኛ የክበቡ አባላት ደግሞ "ሁለት ሳምንት ይሰጠን" ብለን ጠየቅን፤ መምህራችንም ፈቀዱልን። አሁን ጋላቢው ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ቢነቃነቅም አይወድቅም። እንዴት እንደሠራነው በተራ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ለሸክላ ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ፈረስ ወይም በቅሎ ካለ መጨረሻውን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

1ኛ. መጀመሪያ ምክንያቱን መፈለግ

ፈረሱን የሠራው አንድ ክፍል ነው፤ ጋላቢውን ደግሞ ሌላ ክፍል። ጭቃቸውም ከተለያየ ቦታ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጭቃ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውኃ ስለሚወጣ ይጨማደዳል፣ ሲተኮስ ደግሞ ጨምሮ ያንሳል። እርጥብ ሆኖ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረ ነገር ደርቆና ተተኩሶ 9 ገደማ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጭቃ ግን እኩል አይጨማደድም። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ እርጥብ እያሉ ቢገጥሙ እንኳ ከእሳት ሲወጡ ላይገጥሙ ይችላሉ።

በማስመሪያ ስንለካ የፈረሱ ወገብ ኮርቻው ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በጋላቢው ሁለት እግሮች መካከል ያለው ክፍት ግን 6 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ይቀመጥ? በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

2ኛ. ሸክላ ለምን አይታጠፍም?

ጭቃ ሦስት ጠባይ አለው። እርጥብ ሲሆን እንደፈለግነው ይታጠፋል። ደርቆ ሳይተኮስ ከቀረ ውኃ ውስጥ ቢገባ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ እሳት ከተተኮሰ በኋላ ግን ውስጡ ራሱ ይለወጣል፤ ዓመት ሙሉ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ጭቃ አይሆንም። ለዚህ እኮ ነው እንስራ ውኃ የሚይዘው! በከተማ ሱቅ የሚሸጡት ከሬዚን የሚሠሩ ምስሎችም እንዲሁ ናቸው። ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ አንዴ ከጠነከረ ተመልሶ አይቀልጥም።

ስለዚህ የተተኮሰን ሸክላ አቋም ለመለወጥ ያለው መንገድ መቁረጥና እንደገና መቀጠል ነው። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

የሸክላ ሥራ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚያመጣው መንገድ ላይ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎች ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የወለቃ ስም ግን እስከ ዛሬ ከሸክላ ጋር ይነሳል።

3ኛ. የጠመኔ ሙከራ

የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ በዓይን ብቻ አይታወቅም። እኛ ቀይ ጠመኔ ፈጭተን ዱቄቱን ኮርቻው ላይ በተንን። ከዚያ ጋላቢውን ቀስ አድርገን አስቀምጠን አነሳነው። የጋላቢው ሰውነት የቀላበት ቦታ የሚነካው ነው፤ ያልቀላው ደግሞ ክፍተት ነው። በእኛ ሞዴል የቀላው የሁለቱ ጭኖች ውስጠኛ ጠርዝ ብቻ ነበር። መቀመጫው ጭራሽ ጠመኔ አልነካውም።

አንዳንድ ልጆች "ከሥሩ ክፍተቱን እንሙላው" አሉ። ጭኑ ጠቦ ሳለ ከሥር ቢሞላ ግን ጋላቢው ከፍ ይላል እንጂ አይቀመጥም። ጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ እንደማድረግ ነው። ሌሎቹ ደግሞ "የፈረሱን ጎን እንፋቀው" አሉ። ፈረሱ ውስጡ ባዶ ነው፤ የግድግዳው ውፍረትም 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ከሁለቱም ጎን ብንፍቀው ይበሳል። የቀረው መፍትሔ የጋላቢውን እግሮች ከዳሌው ቆርጦ ከፈት ማድረግ ነው።

4ኛ. አቋሙን መምረጥ

እዚህ ላይ ሌላ ችግር አየን። ጋላቢው ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጦር ሊወረውር ነው፤ ልክ ጉግስ እንደሚጫወት ሰው። ፈረሱ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ላዩ ይሮጣል፣ ታቹ ያንቀላፋል! ወይ ፈረሱ መሮጥ አለበት፣ ወይ ጋላቢው ማረፍ አለበት።

የሚሮጥ ፈረስ መሥራት ከባድ ነው። ድሮ ብዙ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲስሉ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ያደርጉት ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጋልብ ያለ ፈረስ በተከታታይ ፎቶ አነሳ። ያኔ አራቱም እግሮች በእርግጥ ከመሬት እንደሚነሱ ታየ፤ የሚነሱት ግን ተዘርግተው ሳይሆን ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው።

የቆመ ነገር እንዳይወድቅ ክብደቱ በእግሮቹ መካከል ማረፍ አለበት። አዲስ አበባ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ላይ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላ እግሮቹ ነው የቆመው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጋር ተያይዞ ተመረቀ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነቀለ፤ ከነጻነት በኋላ እንደገና ቆመ። በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የታላቁ ጴጥሮስ ሐውልትም በ1782 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ሲሆን ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ጅራቱ ግን ፈረሱ የረገጠውን እባብ ይነካል። እባቡ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛ እግር ሆኖ ይደግፋል።

እኛ ብዙ መቁረጥ ስላልፈለግን ጋላቢው እንዲያርፍ፣ ፈረሱም በዝግታ እንዲራመድ ወሰንን። ግራ የፊት እግሩ ድሮውንም ተሰብሯል አይደል? እሱን ብቻ ከፍ እናደርገዋለን። ሦስቱ እግሮች መሬት ላይ ይሆናሉ።

5ኛ. አሠራሩ

ሀ. የሚቆረጠውንና የሚፋቀውን ውኃ እናስነካዋለን። ደረቅ የሸክላ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። መቁረጡን መምህራችን በብረት መጋዝ ሠሩልን፤ እናንተም ብቻችሁን አትሞክሩ።

ለ. የተቆረጠው በሁለቱም ወገን በቀጭን ምስማር ጫፍ ቀስ እያለ ይበሳል። ቀዳዳው ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ይገባል። ሽቦው እንደ አጥንት ነው። ኮላ ብቻውን ይላቀቃል፤ ሽቦ ያለበት ግን ይይዛል።

ሐ. ኮላ ከመቀባቱ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጣጥሞ ማየት ያስፈልጋል። እግሮቹን ከፍተን የጠመኔውን ሙከራ ደገምን። አሁን መቀመጫውም ጭኑም ቀላ።

መ. ሸክላው ከደረቀ በኋላ ከአናጺ ቤት ያመጣነውን ሰጋቱራ በእንጨት ኮላ አቡክተን ክፍተቱን ሞላን። በአንድ ጊዜ ብዙ ከሞላችሁ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስስ አድርጎ መሙላት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መሙላት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ትበርዳለች፤ በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ደግሞ ምንም ነገር ቶሎ አይደርቅም። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ቀን ጠበቅን።

ሠ. ኮላው እስኪይዝ ሞዴሉን አሸዋ የሞላበት ካርቶን ውስጥ አቆምነው። አሸዋ እንደፈለጋችሁት አድርጎ ይይዝላችኋል።

ረ. የተሰበረውን እግር በሽቦና በሰጋቱራ ሠራነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈረስ የፊት እግር ጉልበቱ ላይ ሲታጠፍ ጉልበቱ ወደ ፊት ወጥቶ ኮቴው ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላ እግሩ ላይ ያለው ትልቁ መታጠፊያ ግን እንደ ሰው ክርን ወደ ኋላ የሾለ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ካደረጋችሁ ፈረሱ ጠረጴዛ ይመስላል። ልኩን ለማወቅ ደግሞ የራሱን ርዝመት ውሰዱ። የፈረስ ቁመት ከመሬት እስከ አንገቱ ሥር ጉብታ ድረስ የራሱን ርዝመት ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ነው። የእኛ ፈረስ ራሱ 10፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልክ ነው።

ሰ. ፈረስ ክብደቱ የሚበዛው ወደ ፊት ነው። አንድ የፊት እግር ሲነሳ ወደዚያው ያጋድላል። ስለዚህ ሦስቱን ኮቴዎች በሽቦ ከጣውላ ጋር አያያዝናቸው።

ሸ. የጋላቢውን ቀኝ እጅ ትከሻው ላይ ቆርጠን ዝቅ አደረግነው፤ ዛቡንም ያዘ። ጠጠር የታሰረበት ክር ከጆሮው አጠገብ አንጠለጠልን። ክሩ በጆሮው፣ በትከሻው፣ በዳሌውና በተረከዙ በኩል ካለፈ ጋላቢው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው።

6ኛ. ትንሿ እርካብ

የመጨረሻው ችግር እርካቡ ነበር። ከሸክላ የተሠራች ትንሽ ቀለበት ናት፤ የጋላቢው እግር አይገባባትም። "ተሳስተው ነው የሠሩት፣ ሰብረን ትልቅ እንሥራ" የሚል ሐሳብ መጣ። እኔ ማታ አያቴን ጠየቅኋቸው። ሳቁና "የለም ልጄ! ድሮ ሰው በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልብ። እርካብ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣት ብቻ ነው" አሉኝ። ጋላቢውን አየነው፤ እውነትም ባዶ እግሩን ነው! እርካቡ ትክክል ነበር። እግሩን ትንሽ አዙረን አውራ ጣቱን አስገባነው። ብንሰብረው ኖሮ የሠሩት ልጆች የሚያውቁትን እኛ ባለማወቅ እናጠፋው ነበር። ያልገጠመ ነገር ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ከመስበር በፊት የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

7ኛ. በሕይወት ባለው ፈረስስ?

አባቴ እንግዶችን በበቅሎ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ያደርሳል። ሞዴሉን ስነግረው "የእናንተ ፈረስ እኮ አያመውም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሸክላው ባይገጥም ጋላቢው ይወድቃል፣ ያበቃል። ኮርቻ በቅሎ ላይ ካልገጠመ ግን ጀርባዋ ይቆስላል። የቆሰለች በቅሎ ሳምንታት አትሠራም፤ እሷ ካልሠራች ደግሞ የቤት ገቢ ይቆማል፣ ደብተርና እስክሪብቶም ይጠፋል።

ጠመኔ ሳያስፈልግ በቅሎዋ ላይም ሙከራው ይሠራል። ረጅም መንገድ ተሂዶ ኮርቻው ሲነሳ ላቡን ተመልከቱ። ላቡ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ጥሩ ነው። በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ ኮርቻው እዚያ ላይ በኃይል ተጭኖ ሊሆን ይችላል። በጥቁር ወይም በቡላ ጀርባ ላይ ነጭ ፀጉር ነጠብጣብ ከበቀለም ብዙ ጊዜ የድሮ ግፊት ምልክት ነው። ኮርቻ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ አለበት እንጂ የጀርባ አጥንቱን መንካት የለበትም። ጠባብ ኮርቻ ሥር ጨርቅ መደራረብም መፍትሔ አይደለም። ስለ ካልሲው የጻፍኩትን አስታውሱ፤ ጨርቁ ሲበዛ ጭራሽ ያጠብቀዋል። ኮርቻውን ማስተካከል፣ ወይም ለእሷ የሚሆን ሌላ መፈለግ ነው። የቆሰለ ጀርባ ላይ ደግሞ እስኪድን ምንም አይጫንም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። አይናገርምም። የት እንዳመመው የሚነግረን ጀርባው ነው፤ እኛ ካየንለት።

የማጠቃለያ ጥያቄዎች (መልሱን በክበባችን ሳጥን አስገቡ)

ሀ. ሁለት የሸክላ ዕቃዎች እርጥብ ሳሉ ገጥመው ከተተኮሱ በኋላ የማይገጥሙት ለምንድን ነው?

ለ. ፈረስ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን አንስቶ እንዲቆም ብትፈልጉ ሦስተኛ ድጋፍ ከየት ታመጣላችሁ?

ሐ. ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ያለ አንድ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ጭነቱ ሲወርድ ጀርባውን አይታችሁ ያገኛችሁትን ጻፉ። አህያም ጀርባ አላት!



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል