የእጅ ፓሌት ጃክ ኩሽኔታ፤ ለይቶ ስለ ማዘዝና ስለ መለወጥ

በመጋዘን ውስጥ ጆንያና ካርቶን የሚያመላልሰው የእጅ ፓሌት ጃክ ብዙ ጊዜ ከሥራ የሚወጣው ብረቱ ተሰብሮ ሳይሆን በመንኮራኩሮቹ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ አልቆ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በአንድ ትንሽ ዕቃ ጉድለት ሙሉውን መሣሪያ መጣል፥ ወይም የማይገጥም ኩሽኔታ አስመጥቶ በመደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፥ ለነጋዴው ከባድ ኪሳራ ነው።

፩ኛ፤ ስለ ብዛቱ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መንኮራኩር ሁለት ኩሽኔታ አለው። በመሪው በኩል ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሉ፤ ከሹካዎቹ ጫፍ ሥር ደግሞ እንደ ዓይነቱ ሁለት ወይም አራት ትንንሽ መንኮራኩሮች ይገኛሉ። እንግዲህ ለአንድ ጃክ የሚያስፈልገው 8 ወይም 12 ኩሽኔታ ነው ማለት ነው።

፪ኛ፤ ስለ ቁጥሩ። በብዙ ጃኮች ላይ የሚገኘው 6204 የተባለው ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የ6204 ቀዳዳ 20፥ የ6205 ደግሞ 25 ነው። 02 ግን 15፥ 03 ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የ6204 የውጭ ስፋቱ 47፥ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ ቀዳዳው፥ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ፥ ሦስቱም በካሊፐር መለካት አለባቸው። 6205 እና 6304 ሁለቱም በውጭ 52፥ በውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ፥ የውጩን ብቻ የለካ ሰው ይሳሳታል፤ የ6304 ቀዳዳ 20 ነውና።

፫ኛ፤ ስለ መክደኛው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዜድ ዜድ» የሚል ፊደል ያለበት በቆርቆሮ፥ «2 አር ኤስ» የሚል ያለበት በጎማ የተከደነ ነው። የቆርቆሮው በደረቅና በንጹሕ ቦታ ይበቃል፤ ወለሉ በውሃ ለሚታጠብበት፥ ወይም የዱቄትና የሲሚንቶ ብናኝ ለሚበዛበት መጋዘን ግን የጎማው ይመረጣል።

፬ኛ፤ ስለ አገጣጠሙ። አዲሱ ኩሽኔታ ወደ መንኮራኩሩ ሲገባ የሚገፋው የውጩ ቀለበት ብቻ ነው። የውስጡን ቀለበት በመዶሻ የመታ እንደ ሆነ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ መንገዳቸው ይጎደጉዳል፤ አዲሱም ዕቃ ሳይሠራ ያረጃል። የውጩን ቀለበት ዙሪያ የሚያክል ቱቦ ደግፎ በሞርሳ ቀስ አድርጎ ማስገባት ይሻላል።

፭ኛ፤ ስለ ጭነት። የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። 2,500 ኪሎ ለሚያነሣ ጃክ 3,125 ኪሎ መጫን፥ ትርፉ ሩብ ያህል ብቻ ቢመስልም፥ ዕድሜውን በግማሽ ገደማ ያሳጥረዋል።

በመጨረሻም አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ «የፓሌት ጃክ ኩሽኔታ» ብሎ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ሙሉውን ቁጥር፥ የመክደኛውን ፊደልና ብዛቱን ይግለጽ። ባለ ሱቁም ደንበኛው አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞ እንዲመጣ ቢጠይቅ ሁለቱም ከመመላለስ ይድናሉ።