አዝራሩ የሚጠራው ማንን ነው? በኤክሴል ሜኑና ቱልባር ላይ ስለሚደርስ ብልሽት

ጊዜው የ1999 ዓ.ም. የቡና መሰብሰቢያ ወራት ነበር። እኔም ለዶክትሬት ትምህርት ገና ወደ ውጭ ያልሄድሁ ረዳት መምህር ነበርሁ። ዲላ ከተማ ውስጥ በአንድ የቡና ግብይት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወዳጄ አንድ ቀን «ኮምፒዩተሩ ገበሬውን እየበደለ ነውና ናልኝ» ብሎ ጠራኝ።

ሦስት ኮምፒዩተሮች በኤክሴል 2003 አንድ ዓይነት ፋይል ይጠቀማሉ። ሠራተኛው ገበሬው ያስረከበውን እሸት ቡና በኪሎ ያስገባና በቱልባሩ ላይ «ክፍያ አስላ» የሚለውን አዝራር ይጫናል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ትክክለኛውን ሒሳብ ሲያወጡ ሦስተኛው አሳንሶ ያወጣል። የስሕተት መልእክት ግን የለም፤ ክፋቱም ይህ ነበር። ልዩነቱ በኪሎ 50 ሳንቲም ብቻ ቢሆን እንኳ 240 ኪሎ ላስረከበ ገበሬ 120 ብር ይጎድላል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሌላውን ሁሉ ባለበት አቆይቶ አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ መለወጥ የተለመደ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ኮምፒዩተር ላይ አዝራሩን ትተን፣ «አልት» እና «ኤፍ8» ቁልፎችን በአንድነት ተጭነን ማክሮውን ከዝርዝሩ በስሙ መርጠን አስኬድነው። ውጤቱ ትክክል ሆነ። ስለዚህ ማክሮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው አዝራሩ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በኤክሴል 97 እስከ 2003 ድረስ ባሉት እትሞች ተጠቃሚው የሠራው ቱልባር የሚቀመጠው በሥራ ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ ባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። በ2003 እትም የዚህ ፋይል ስም «ኤክሴል11.ኤክስኤልቢ» ይባላል። አዝራሩ በውስጡ ስሌት የለውም፤ ያለው ሥዕል፣ ስምና የአንድ ማክሮ አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው ደግሞ ማክሮው በየትኛው ፋይል፣ በየትኛው ማኅደር እንዳለ ይጠቁማል።

ቱልባሩን ከፋይሉ ጋር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለመላክ «ከስተማይዝ» በሚለው መስኮት «አታች» የሚል ትእዛዝ ነበረ። ይህ ትእዛዝ የቱልባሩን ቅጂ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል፤ ፋይሉ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈትም ቱልባሩ ወደዚያ ይገለበጣል። ነገር ግን በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ቱልባር አስቀድሞ ካለ ኤክሴል ነባሩን አይነካም። ሦስተኛው ኮምፒዩተር የ1998ቱን ቱልባር እንደያዘ ነበር። አዝራሩ በተጫነ ቁጥር የዓምናውን ፋይል ይከፍታል፤ ያ ፋይል መስኮቱ እንዲሰወር ተደርጎ ስለተቀመጠ ማንም አያየውም፤ ማክሮው ግን የዓምናውን ዋጋ ይዞ የዘንድሮውን ረድፍ ያሰላል።

የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በዚያ ኮምፒዩተር የተሠሩትን ደረሰኞች በእጃቸው እንደገና ማስላት ነበረባቸው። አሮጌውን ቱልባር ማጥፋት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ኤክሴልን ዘግቶ የኤክስኤልቢውን ፋይል ስም መለወጥም ጥሩ ሙከራ ነው፤ ኤክሴል ሲከፈት አዲስ ይሠራልና። ፋይሉን ማጥፋት ግን አያሻም፤ ሌሎች የተስተካከሉ ቱልባሮችም አብረው ይጠፋሉ።

ለዘለቄታው የመረጥነው መንገድ ቱልባሩ በማክሮ አማካይነት ፋይሉ ሲከፈት እንዲሠራ፣ ሲዘጋም እንዲፈርስ ማድረግ ነበር። እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። የማፍረሻው ትእዛዝ የሚፈጸመው ኤክሴል «ለውጡ ይቀመጥ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ነው። ተጠቃሚው በዚህ ጊዜ «ካንስል» ካለ ፋይሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ቱልባሩ ግን የለም። እኔ ራሴ ይህን ለመረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክሴል ሜኑውን በሪበን ተካ። በአሮጌው መንገድ የተሠሩ ቱልባሮች «አድ-ኢንስ» በሚለው ክፍል ስለሚታዩ ብዙዎች ጠፉ ብለው ደንግጠዋል። ተጠቃሚው በራሱ እጅ ሪበን ላይ የሚጨምረው የማክሮ አዝራር ዛሬም አድራሻ ይዞ የሚኖር ነው፤ ፋይሉ ወደ ሌላ ማኅደር ሲዛወር ማክሮው ሊሠራ እንዳልቻለ ይነግረናል።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በወረዱ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን ማገድ ጀመረ። ተማሪዎቼ «በኢሜይል የመጣው አዝራሩ አይሠራም፣ ያው ፋይል በፍላሽ ሲመጣ ግን ይሠራል» ይሉኛል። ምክንያቱ ዊንዶውስ በወረደው ፋይል ላይ የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት «ፋት32» የተባለው የአቀማመጥ ሥርዓት ይህን ምልክት መያዝ አይችልም። የላከውን ሰው የምናምነው ከሆነ በፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭነን «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

በጉግል ሺትስ የራሳቸውን ሜኑ የሚሠሩም ቢሆኑ ሜኑው ሲጠፋ ኮዱን ከመክሰሳቸው በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። ፋይሉ ለማየት ብቻ ለተፈቀደለት ሰው ሜኑውን የሚሠራው ትእዛዝ አይፈጸምም፤ በስልክ መተግበሪያው ላይም እንዲህ ያለ ሜኑ አይታይም።