የድቻን ተከላካይ በቁጥር ሳይበድሉ እንዴት ይመዝናሉ?

የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ ግብ በተቆጠረበት ማግስት በከተማው ሶዶ ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ የተከላካዮችን ወቀሳ ሳይሰማ የሚወጣ ሰው ብዙም የለም። «ወንፊት ሆነዋል» ይላል አንዱ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ የደረጃ ሰንጠረዡን ያሳያል፤ የገባባቸው ግብ የተጻፈበትን ቦታ በጣቱ ነክቶ ክርክሩን የዘጋ ይመስለዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተከላካዩን ሥራ ብቻውን አይናገርም፤ የግብ ጠባቂው፣ የአማካዮቹ፣ የተጋጣሚው፣ የዳኛውና የዕድል ድርሻ አንድ ላይ ተደምሮበታል። ድርሻ ድርሻውን ለመለየት አንድ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ድምሩን በጨዋታ ብዛት ያካፍሉ

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ13 ክለቦች ስለተካሄደ የአንድ ቡድን ድርሻ 24 ጨዋታ ነበር። በ2014 ክለቦቹ 16፣ ጨዋታው 30 ሆነ። አንድ ቡድን በሁለቱም ዓመት 30 ግብ ተቆጠረበት እንበል። በድምሩ ካየነው ለውጥ የለም። ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ 1.25፣ ሁለተኛው 1 ይሆናል፤ ተከላካዩ ተሻሽሏል ማለት ነው። ዓመትን ከዓመት የሚያወዳድር ሰው ሳያካፍል ሲናገር ከሰሙ ወዲያው ያስቁሙት።

ደረጃ 2፦ የሚቆጥሩትንና የማይቆጥሩትን ይለዩ

የጦና ንቦች የሚባሉት ድቻዎች በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያደረጓቸውን ስድስት ጨዋታዎች እንውሰድ፤ መቼም ይህን የሚረሳ የሶዶ ሰው የለም። ከዛንዚባሩ ዚማሞቶ ጋር ከሜዳ ውጪ 1 ለ 1 ተለያዩ፣ በመልሱ ሀዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸነፉ። የግብፁን ዛማሌክ ሀዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፈው በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፉ። በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉና ሀዋሳ ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፉም ከውድድሩ ተሰናበቱ።

ስንት ግብ ተቆጠረባቸው? 6። 9 ያለ ሰው ካለ ዛማሌክ ያስቆጠራቸውን 3 የመለያ ምቶች ደምሯል፤ በመለያ ምት ደግሞ ተከላካይ የሚከላከለው ነገር የለም። ስለዚህ በጨዋታ 1 ግብ፤ መረባቸውን ሳያስደፍሩ የወጡት ሁለት ጊዜ።

አሁን ለሁለት ይክፈሉት። ሀዋሳ ላይ በሦስት ጨዋታ የገባባቸው 1 ግብ ብቻ ነው፤ ከሜዳ ውጪ በሦስት ጨዋታ 5። በጨዋታ 1 የሚለው አማካይ ቁጥር ያን ሁሉ ልዩነት ደብቆት ነበር። «ድቻ በጨዋታ አንድ ግብ የሚቆጠርበት ቡድን ነው» ብሎ ካይሮ የሄደ ሰው የጠበቀውና ያየው አልተገናኘም።

ደረጃ 3፦ «ባለሜዳ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ይዩት

ከላይ የሠራነው ክፍፍል ለአገር ውስጥ ሊግ እንዳለ አይሠራም። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች እንደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳና አዳማ ባሉ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ ቆይተዋል። ድሬዳዋ ላይ «ባለሜዳ» ተብሎ የተመዘገበ ድቻ የሶዶን ሕዝብ ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ ባለሜዳና እንግዳ ብለው ከመክፈል ይልቅ የተጫወቱበትን ከተማ፣ ከቀደመው ጨዋታ በኋላ ያገኙትን የእረፍት ቀን፣ ሜዳው ጭቃ ይሁን ደረቅ ይጻፉ። የድሬዳዋ ሙቀት በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ እግርን ያስራል፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን አይታይም።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱ ግብ ከየት እንደመጣ ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ ግብ አንድ መስመር ይበቃል፦ ደቂቃው፣ በወቅቱ የነበረው ውጤት፣ ሜዳ ላይ የቀሩት ተጫዋቾች ብዛት፣ የግቡ መነሻ። መነሻው በጨዋታ እንቅስቃሴ፣ በማዕዘን ምት፣ በቅጣት ምት፣ በፍፁም ቅጣት ምት ወይም በራስ መረብ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፍፁም ቅጣት ምትን ለብቻው ያስቀምጡ። በብዙ ሊጎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ግብ ይሆናሉ፤ ጥፋቱን የሠራው ተከላካይ ቢጠየቅም፣ ምቱ ከተሰጠ በኋላ ያለው የተከላካይ መስመሩ ጉዳይ አይደለም። በቀይ ካርድ ተጫዋች ከጎደለ በኋላ የገቡትንም እንዲሁ። ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ ሁሉም ወደ ፊት ሄዶ ሳለ በባከነ ሰዓት የገባ ሁለተኛ ግብ ደግሞ የአሠልጣኙ ምርጫ ውጤት ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ የማዕዘን ምቱ ረድፍ ከሌሎቹ በልጦ ከተገኘ፣ ሙሉውን መስመር መውቀሱ ይቅርና የሰው አያያዙ ይታይ።

ደረጃ 5፦ ሙከራዎቹን ይቁጠሩ

ፍርዱ በብዛት የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቡድኖች በጨዋታ አንድ አንድ ግብ ይቆጠርባቸዋል እንበል። በመጀመሪያው ላይ ዒላማቸውን የጠበቁ 6 ሙከራዎች ይደረጋሉ፤ ግብ ጠባቂው 5ቱን ያድናል። በሁለተኛው ላይ 2 ብቻ ይሞከራሉ፤ ግብ ጠባቂው አንዱን ያድናል። ሰንጠረዡ እኩል ናቸው ይላል። የመጀመሪያው ግን ተከላካዩ ተከፍቶ ግብ ጠባቂው የሚያድነው ቡድን ነው፤ የሁለተኛው ችግር ያለው ከግብ ጠባቂው ጋር ሊሆን ይችላል። ሽልማቱ ለማን እንደሚገባ ይዩ።

ሙከራ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉን በቁጥር ይሰጡታል፤ «የሚጠበቅ ግብ» የሚባለው ይህ ነው። እርስዎ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። ከሳጥን ውጪ የተመታውን «ደካማ»፣ በሳጥን ውስጥ ተከላካይ ፊት ለፊት ቆሞበት የተመታውን «መካከለኛ»፣ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ለብቻ የተገናኘውን «ትልቅ» ይበሉት። ዒላማውን የሳተ ትልቅ ዕድልም ይጻፋል፤ አጥቂው ስለሳተው ተከላካዩ ጎበዝ አይባልም።

ደረጃ 6፦ ኳስ በማስጣል ብዛት አይታለሉ

በሸርተቴ ብዙ ኳስ ያስጣለ ተከላካይ ይጨበጨብለታል። ነገር ግን ቡድኑ ኳስ ካልያዘ ማስጣል ይበዛል፤ አስቀድሞ ጥሩ ቦታ የያዘ ተከላካይ ደግሞ መሬት ላይ መውደቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማንቸስተር ዩናይትድ ተከላካዩን ያፕ ስታምን ለጣሊያኑ ላዚዮ ሸጠ። ለውሳኔው አንዱ ምክንያት የሚያስጥላቸው ኳሶች መቀነሳቸው እንደነበር ብዙ ጊዜ ይነገራል። ምክንያቱ ያም ሆነ ሌላ፣ የወቅቱ አሠልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ሽያጩ ስህተት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

ደረጃ 7፦ ተጋጣሚውን ይመዝኑ

የአፍሪካን ሻምፒዮንስ ሊግ አምስት ጊዜ ባነሳው ዛማሌክ ካይሮ ላይ 2 ግብ መቆጠሩና በዚማሞቶ 1 መቆጠሩ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ተጋጣሚው በሌሎች ላይ በጨዋታ ስንት እንደሚያስቆጥር ይፈልጉ፣ በእናንተ ላይ ካስቆጠረው ጋር ያነጻጽሩ። በሌሎች ላይ 1.8 የሚያስቆጥር ቡድን በእናንተ ላይ 1 ብቻ ካገኘ ተከላካዩ ሥራውን ሠርቷል፣ ጨዋታውን ብትሸነፉም።

ይህ ሁሉ ከጥቂት ጨዋታ አይገኝም። የኮንፌዴሬሽን ዋንጫውን ስድስት ጨዋታዎች ለምሳሌ ተጠቀምኩባቸው እንጂ በእነሱ ብቻ ስለዚያ ዘመን ተከላካይ ልፈርድ አልደፍርም። ስለዚህ በሁለት ሽንፈት «የመሀል ተከላካዩ ይቀየር» ከማለትዎ በፊት ቢያንስ የአሥር ጨዋታ መዝገብ ይያዙ፤ ሻይ ቤት ሲሄዱም ደብተሩን አይርሱት።