ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው የትኛው የጆሮ ማዳመጫ ያዋጣል?

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በታሪክ የሚታወቀው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም ባካሄዱት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ዛሬ ደግሞ ስሙ ጠዋት ማታ የሚጠራው በሚኒባስ ረዳቶች አንደበት ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ አስታማሚው፣ ተማሪውና ገበያተኛው በዚህ መንገድ ይመላለሳሉ። ሥራው ኮምቦልቻ የሆነ ሰው ደሴ ላይ መኪና ቀይሮ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ መንገድ ነው። ከተሳፋሪው መካከል፣ በተለይ ከወጣቱ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያልሰካው ጥቂት ነው። ማለዳ ተነስቶ በሜዳው ላይ የሚሮጠውም እንዲሁ ነው።

ይህ ዕቃ ትንሽ ቢሆንም ወጪው ትንሽ አይደለም። ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዋጋው ከዶላር ጋር አብሮ ወጥቷል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በመሆኑም ዛሬ በችኮላ የሚገዛ ሰው የሚከስረው ከቀድሞው የበለጠ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ኪስ ከመፈታቱ በፊት ማወቅ የሚገባው ምንድን ነው? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን እንመለከታለን።

ጆሮም ሒሳብ አለው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጤናማ ነው የሚለው የማዳመጥ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ የድምፁም ኃይል 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ይኸውም በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ይህንን እንደ ባንክ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ልዩነቱ ከዚህ ሒሳብ አለልክ ወጪ ያደረገ ሰው መልሶ ማስገባት አለመቻሉ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

አሁን ወደ ሚኒባሱ እንግባ። ለስሌት ያህል በሞተሩ፣ በመስኮቱ ንፋስና በመኪናው ቴፕ ምክንያት ውስጡ 75 ዴሲቤል ጫጫታ አለው እንበል። ተሳፋሪው የራሱን ዘፈን ወይም ትምህርት ጥርት አድርጎ ለመስማት ከጫጫታው 10 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርገዋል። ይህም 85 ዴሲቤል ይሆናል። በዚህ ልክ የሚፈቀደው በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በቀን 3 ሰዓት በመንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው በ5 ቀን ውስጥ 15 ሰዓት ስለሚያዳምጥ ሒሳቡን አልፏል። ነገር ግን ማዳመጫው ከውጭ የሚገባውን ጫጫታ በ15 ዴሲቤል ቢቀንስለት፣ ጫጫታው 60፣ ዘፈኑም 70 ዴሲቤል ይሆናል። ዘፈኑ ያው፣ ጥራቱም ያው ሲሆን ጆሮው ግን ከአደጋ ወጣ። ድምፅ የሚከላከል ማዳመጫ ዋና ጥቅሙ ይህ እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ሁለቱ ዘዴዎች

ድምፅን የመከላከያ ዘዴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በመድፈን ነው። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ባለጎማ ማዳመጫ፣ ወይም ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ትልቁ ሄድፎን የውጭውን ድምፅ እንደ በር ይዘጋል። ባትሪ አይፈልግም፤ የሰው ንግግርንና ቀጭን ድምፅን በደንብ ይቀንሳል። ዋጋውም ቀለል ያለ ነው።

ሁለተኛው በኤሌክትሮኒክስ ነው። በማዳመጫው ላይ ያለ ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ይቀበልና ተቃራኒውን ሞገድ ፈጥሮ ያጣፋዋል። ይህ ዘዴ በተለይ እንደ ሞተር ጉርምርምታ ያለውን ወፍራምና የማይለዋወጥ ድምፅ በማጥፋት ይታወቃል። የረዳቱን ጩኸትና ጡሩንባን ግን ያን ያህል አያጠፋም። ንፋስ ሲመታውም ማይክሮፎኑ ራሱ ሊያንሾካሹክ ስለሚችል በሜዳ ላይ ለሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ አይመችም።

እዚህ ላይ ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በላቲን ፊደል «ኤኤንሲ» የሚለው ለአድማጩ ጫጫታን የሚያጠፋውን ዘዴ ያመለክታል። «ኢኤንሲ» የሚለው ግን ስልክ ሲደወል የእርስዎን ድምፅ ለወዲያኛው ሰው የሚያጠራ ነው እንጂ ለእርስዎ ጆሮ ምንም አይከላከልም። በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ያላሰቡትን ዕቃ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

ለተሳፋሪ የሚስማማው

በመኪና ለሚመላለስ ሰው በቂው ምርጫ ጆሮን በልኩ የሚደፍን ባለጎማ ማዳመጫ ነው። ጎማው በሦስት መጠን ተደርጎ ከካርቶኑ ጋር ይመጣል። ሦስቱንም ሳይሞክሩ ዕቃው አይረባም ማለት ስሕተት ነው። በልኩ ያልተደፈነ ማዳመጫ ጫጫታውን ከማስገባቱም በላይ ወፍራሙን የሙዚቃ ድምፅ ያጠፋል። የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይ እንደሚችልም ማወቅ ይጠቅማል።

የሐረጎን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው አንድ ተጨማሪ ምክር አለ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ የአየሩ ግፊት ይጨምራል። ጆሮው አጥብቆ በተደፈነ ሰው ላይ ይህ የመታፈን ስሜት ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማዳመጫውን ለአፍታ ላላ አድርጎ ምራቅ መዋጥ ነው።

በሽመና ወይም በሌላ ጫጫታ ባለበት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ደግሞ የጆሮው ሒሳብ በሥራ ሰዓት ብዙ ወጪ እንደተደረገበት ማስታወስ አለበት። ለእሱ የመልስ ጉዞው የጆሮ ዕረፍት ቢሆን ይመረጣል። የሙዚቃ ማዳመጫም በፋብሪካ ውስጥ የጆሮ መከላከያን አይተካም።

ለሯጭ የሚስማማው

ለሯጭ ነገሩ ይገለበጣል። በመኪና ውስጥ በጎ የነበረው መደፈን በመንገድ ዳር አደጋ ነው። ባጃጅም ሆነ የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ዐይን ሳይሆን ጆሮ ነው። በመሆኑም በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ጆሮን የማይደፍን ዓይነት፣ አለዚያም በጉንጭ አጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፈውን ይምረጥ። ያለው ባለጎማው ብቻ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ይጠቀም። ጆሮ ተደፍኖ ሲሮጥ የእግር ዱካ በራስ ውስጥ እየጎላ መሰማቱም ሌላው ችግር ነው።

ከላብ ጋር በተያያዘ በካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 4» የሚል ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ይህ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል ማለት ነው። «አይፒኤክስ 7» ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። «ኤክስ» የሚለው ፊደል ግን አቧራን ስለመከላከሉ ምንም አይናገርም።

በሱቅ ውስጥ

በገበያችን ገመድ የሌለው ሁሉ «ኤርፖድ» ይባላል። ይህ ግን የአሜሪካው የአፕል ኩባንያ ምርት ስም ነው። ስለዚህ «ኤርፖድ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን የዕቃውን ማንነት አያረጋግጥም። በርካታ ኮፒዎች ኦሪጅናሉን በመልክ ስለሚመስሉ የካርቶኑ ጽሑፍ ፊደል መሳሳቱን፣ መለያ ቁጥሩም በካርቶኑና በዕቃው ላይ አንድ መሆኑን ማመሳከር ተገቢ ነው።

ኤኤንሲ አለው የተባለውን ለመፈተን ሙዚቃ አይክፈቱ። ሞተሩ ከተነሳ መኪና ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ ቆመው ያብሩና ያጥፉት። ጉርምርምታው ካልቀነሰ የተጻፈው ከንቱ ነው። ለመሞከር ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ በቅድሚያ በአልኮል ማስጠረግም የጤና ነገር ነው።

ገመድ ያለውን የሚመርጥ ሰው ስልኩ ክብ የጃክ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ። ባለገመዱ ቻርጅ አይፈልግም፤ መብራት በጠፋ ቀንም ይሠራል። ገመድ አልባው ግን ባትሪው እያረጀ የሚሄድ ዕቃ ነው።

ርካሽ የሚመስለው ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በ300 ብር የተገዛ ማዳመጫ በ2 ወር ቢበላሽ ወጪው በወር 150 ብር ነው። በ1,500 ብር የተገዛው 18 ወር ቢያገለግል በወር 83 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ውዱ ዕቃ በእርግጥ የሚቆይ ከሆነ ነው። ለዚህም ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ ይመረጣል።

ደረሰኝ መቀበልም አይዘንጋ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ዕቃውን ከየት እንደገዛ በምን ያስረዳል?

በጥቅሉ ሲታይ፣ ለተሳፋሪ የሚደፍን፣ ለሯጭ የማይደፍን መልካም ነው። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ውዱን አንድ ከመግዛት መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ሁለት ቢገዛ ይሻለዋል። ማዳመጫ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ለጆሮ ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም።